የቤተሰብ ስም በሕግ ይታወጅ ወይስ በአባት ስም እንቀጥል?

አባት ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ወገኖቼ፣ ይህን ጥያቄ የማነሳው ባለፈው ወር ከደረሰብኝ ነገር ተነስቼ ነው። የስድስት ዓመት ልጄን ይዤ ከአዲስ አበባ ስመለስ፣ አውሮፕላን በምንቀይርበት አንድ የአውሮፓ ከተማ ፓስፖርታችንን ያየው ሰው ከሰልፍ አወጣን። በእኔ ፓስፖርት ላይ የመጨረሻው ስም የአባቴ ነው፣ በልጄ ላይ ደግሞ የእኔ። እናቷ አብራን አልነበረችም፤ ብትኖርም የእሷ ሌላ ሦስተኛ ስም ነው። «ይህች ልጅ ያንተ ለመሆኗ ምን ማስረጃ አለህ?» አለኝ። ማስረጃው ስሟ ውስጥ አለ፣ የእሷ መጨረሻ የእኔ መጀመሪያ ነው ብዬ ላስረዳው ሞከርኩ። አልገባውም። አርባ ደቂቃ ያህል ቆመን ሳለ ልጄ እጄን ጎተት አድርጋ «አባዬ፣ አንተ የእኔ አይደለህም እንዴ?» አለችኝ። ይህ ጥያቄ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ስለዚህ አቋሜን ልናገር። አገራችን እንደ አብዛኛው ዓለም አባት፣ እናትና ልጆች የሚጋሩት፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚወርድ አንድ የቤተሰብ ስም በሕግ ትደንግግ። የምትቃወሙ ምክንያታችሁን አስረዱኝ፤ በቅንነት ነው የምጠይቀው።

የኮምፒውተር ባለሙያ፦
እደግፋለሁ። «ባህል ነው፣ አይቀየርም» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁና ቀድሜ ልመልስ። ቱርኮች እስከ 1934 (እ.ኤ.አ.) ድረስ እንደ እኛው በራሳቸው ስም፣ በአባታቸው ስም ወይም በማዕረግ ነበር የሚጠሩት። በዚያ ዓመት ሰኔ የወጣው ሕግ እያንዳንዱ ዜጋ የቤተሰብ ስም እንዲይዝ አዘዘ። ሙስጠፋ ከማል «አታቱርክ»፣ የቱርኮች አባት፣ የሚለውን ስም ከፓርላማው የተቀበለው በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ነው። ታይላንድም በ1913 በንጉሡ ትእዛዝ እንዲሁ አደረገች። እነሱ ከቻሉ እኛን ምን ይከለክለናል? ባንክ፣ ፍርድ ቤት፣ የውርስ ክርክር፣ የመሬት ካርታ፣ ሁሉም አንድ ቤተሰብን በአንድ ስም ቢያገኘው ሥራ ይቀላል።

የሕግ ሰው፦
ወንድሜ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ የደረሰብህ ያሳዝናል። ነገር ግን «ይታወጅ» የምትለው ነገር ታውጆ ያውቃል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግን አንቀጽ 32 ግለጠው። ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም፣ አንድ ወይም ከአንድ በላይ የግል ስም፣ የአባትም ስም እንዳለው ይናገራል። ረቂቁን ያዘጋጁት ሬኔ ዳቪድ የሚባሉ ፈረንሳዊ የሕግ ሊቅ ነበሩ፤ እሳቸው ባደጉበት አገር ያለ ቤተሰብ ስም ሰው ሰው አይመስልም። ሕጉ ከወጣ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። እስቲ ከጎረቤቶችህ መካከል በዚህ አንቀጽ መሠረት የቤተሰብ ስም የያዘ አንድ ሰው ቁጠርልኝ። ሕዝቡ አልተቃወመም፣ አቤቱታም አላቀረበም። ልጁን እንደ አያቶቹ ሰየመና አለፈ። ይህን ያህል ዘመን ማንም ያልተጠቀመበትን ድንጋጌ እንደገና ማወጅ ወረቀት ማብዛት ይመስለኛል።

ባለትዳር ከአዋሳ፦
እኔ ስለ ሴቶች ልጠይቅ። «አባት፣ እናትና ልጆች የሚጋሩት አንድ ስም» ስትሉ የማን ስም ነው? የእኔ እንደማይሆን ሁላችንም እናውቃለን። አገራችን ለሴት ልጅ ብዙ ያልሰጠቻት ነገር አለ፤ ስሟን ግን አልነሳቻትም። እናቴ 43 ዓመት በትዳር ስትኖር የአባቷን ስም እንደያዘች ነው። እርግጥ በአንዳንድ አካባቢ አማት ለአዲስ ምራት ስም ታወጣለች፤ እሱ ግን የቤት ስም ነው፣ መዝገብ ላይ አይወጣም።

ጃፓንን ተመልከቱ። በ1898 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋቸው ባልና ሚስት አንድ ስም እንዲይዙ አስገደደ። የዛሬው ሕግ «የባልም የሚስትም ሊሆን ይችላል» ይላል። በተግባር ግን ከመቶ ዘጠና አምስት ያህሉ ጥንዶች የባልን ስም ነው የሚይዙት። ሴቶቹ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ በ2015ም በ2021ም ተፈረደባቸው። የጃፓን ሴቶች ለማግኘት የሚታገሉትን ነገር እኛ በእጃችን ይዘነዋል። በገዛ ፈቃዳችን እንስጥ?

የኮምፒውተር ባለሙያ፦
እህቴ፣ ሚስት ስሟን ትቀይር አላልኩም። ስፔኖች ከአባትም ከእናትም አንድ አንድ ስም ይወርሳሉ፣ ሚስትም ስሟን አትለውጥም። የቤተሰብ ስም ሁሉ እንደ ጃፓን አይደለም። የእኔ ጭንቀት ሌላ ነው፤ በአንድ ባንክ ውስጥ ስሙ፣ የአባቱ ስም፣ አልፎም የአያቱ ስም የሚመሳሰል ሰው ስንት አለ መሰላችሁ? አንዱ በሌላው ዕዳ ሲጠራ አይቻለሁ።

የሕግ ሰው፦
መመሳሰሉን የቤተሰብ ስም አይፈታውም። ደቡብ ኮሪያ ከአምስት ሰው አንዱ ኪም ነው። ዴንማርክም እንደ እኛው በአባት ስም ስትጠራ ቆይታ በ1828 (እ.ኤ.አ.) ስሙ እንዲረጋ አዘዘች። ከዚያ አገሩ በሙሉ የንስ፣ ኒልስና ሃንስ በሚባሉ የሞቱ ሰዎች ልጅነት ተሞላ፣ የንሰን፣ ኒልሰን፣ ሃንሰን እየተባለ። ስሙ በጣም ስለበዛ በ1904 ሰዎች ሌላ የቤተሰብ ስም እንዲይዙ የሚያመቻች ሕግ ማውጣት ግድ ሆነባቸው። በዕዳ መምታታትን የሚከላከለው ቁጥር ነው። ለዚያም «ፋይዳ» የተባለው ብሔራዊ መታወቂያ አለ፣ ባለ 12 አኃዝ፤ የሁለት ሰው ቁጥር አይገጥምም።

የአማርኛ መምህርት፦
እስካሁን ስለ ወረቀት ነው የተወራው። እኔ ስለ ስሙ ስለራሱ ላውራ፤ 22 ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ የተማሪ ስም ስጠራ ኖሬአለሁና።

አማርኛ ስም ንግግር ነው። ልጅ ሞቶባት ሌላ የወለደች እናት «ካሳ» ትላለች፣ «ምትክ» ትላለች፣ «ማስረሻ» ትላለች። ብዙ መከራ ያየ ቤት «ስንታየሁ» ብሎ ይሰይማል፤ ስንቱን አየሁ ማለቱ ነው። በዝናብ ቀን የተወለደው ዘነበ፣ አባቱ ሳያየው የቀረው ጥላሁን፤ ለቀረው ቤተሰብ ጥላ ሁን ተብሎ። በጠላት ወረራ ማግስት የተወለዱትን ስሟቸው፤ ነጻነት፣ ድል ነሳ፣ ተመስገን። ከአንድ ቤት የአራት ልጆች ስም ሰምቶ የወላጆቹን ታሪክ መናገር ይቻላል፤ እኔ ብዙ ጊዜ አድርጌዋለሁ፣ ወላጅ ሲመጣ ስጠይቅም አልሳሳትም።

ከዚህ የሚበልጠው ግን የልጁ ስም ከአባቱ ስም ጋር ሲገጥም ነው። አባት ሞላ ከሆነ ልጁን «ተስፋ» ይለዋል፤ ተስፋ ሞላ። አባት በዛብህ ከሆነ ልጅቷን «ደስታ» ይላታል፤ ደስታ በዛብህ። አባት ይበልጣል ከሆነ «ፍቅር» ይላታል፤ ፍቅር ይበልጣል። ይህ ልጅና አባት አንድ ላይ ካልተጠሩ የማይሞላ ዓረፍተ ነገር ነው። የአባት ስማችን ብዙ ጊዜ ግስ ነው፣ ማሰሪያ አንቀጽ ነው። አሁን «ሞላ» የቤተሰብ ስም ሆኖ ይርጋ እንበል። ለተስፋ ይሰራል። ለተስፋ ልጅስ? ለልጅ ልጁስ? በሦስተኛው ትውልድ ስሙ መናገሩን ይተዋል፤ ድምፅ ብቻ ይሆናል። ሃንሰን የሚባለው ሰው ሃንስ ማን እንደነበር አያውቅም።

ከጂዳ፦
እኔ ብዙ አልጽፍም። ወደዚህ ስመጣ ደላላው ለሥራው ያመቻል ብሎ የሙስሊም ስም አውጥቶልኝ ነው የመጣሁት። አሠሪዬ ቤት ዘጠኝ ዓመት በዚያ ስም ተጠራሁ። ያኔ ደላላውን የተከራከርኩት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአባቴን ስም አትንካ አልኩት። የእኔን ብቀይረው እመልሰዋለሁ፣ የአባቴን ከቀየርኩት ማን ልባል ነው? ስለዚህ መምህርቷ ያለችው ገብቶኛል።

የነቀምቴ ልጅ፦
የመምህርቷ አስተያየት ደስ ይላል። ሆኖም «አማርኛ ስም» ብቻ አድርጋ አቀረበችው። አፋን ኦሮሞም እንዲሁ ይናገራል። ቶሎሳ፣ ገመቹ፣ ለሊሴ፣ ቦንቱ፤ ሁሉም ትርጉም አላቸው። ነገር ግን እኔ ወደ ክርክሩ የምገባው በሌላ በር ነው።

አያቴ ትምህርት ቤት ሲገባ የመዘገበው ሰው የቤት ስሙን አልጽፍም ብሎ የአማርኛ ስም ሰጠው። በዚያ ዘመን በእሱ ብቻ የደረሰ አይደለም። አያቴ በመዝገቡ ስም ሠራ፣ ጡረታ ወጣ፣ ተቀበረ። ለልጁ ግን ኦሮምኛ ስም ሰጠ፤ አባቴም ለእኔ። አሁን የእኔ ሙሉ ስም ሲጻፍ የእኔ ኦሮምኛ፣ የአባቴ ኦሮምኛ፣ ሦስተኛው ያ የመዝገብ ቤት ስም ነው። በልጄ ጊዜ ወረቀቱ ላይ ቦታ አይኖረውም። የልጄ፣ የእኔ፣ የአባቴ። ማንም ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ ማንም ሳይጣላ፣ ሥርዓቱ ራሱ አወጣው። የቤተሰብ ስም ግን አንድን ትውልድ ይዞ ያቆማል። «ከአያት ይጀመር» ተብሎ ቢታወጅ ኖሮ እኔ፣ ልጆቼና የልጅ ልጆቼ አንድ ጸሐፊ በአንድ ጠዋት በጻፈው ስም ለዘላለም እንጠራ ነበር።

የቱርክን ሕግ ያመሰገነው ወንድሜም የሕጉን ሦስተኛ አንቀጽ ይመልከት። የማዕረግ፣ የጎሣና የባዕድ ዘር ስም የቤተሰብ ስም መሆን አይችልም ይላል። ኩርዱም አርመኑም የያዘው ስም በዚያ ወንፊት ካለፈ በኋላ የቀረውን ነው። ብዙ ብሔር ባለበት አገር እንዲህ ያለ ሕግ ምን እንደሚያመጣ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም።

የኮምፒውተር ባለሙያ፦
ይህን አላሰብኩትም ነበር። «ከየትኛው ትውልድ ይጀመር» የሚለው ጥያቄ ከባድ ነው፣ እቀበላለሁ። ግን ስሙ ከወረቀት ሲወርድ ሰውየውም ይረሳል። አያትህ እኮ በዚያ ስም ኖሩበት። ሞንጎሊያ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የነገድ ስም ታገደ፣ ሰው በራሱና በአባቱ ስም ብቻ ቀረ። ከ1990 በኋላ እገዳው ሲነሳ ብዙው ሰው ነገዱን ረስቶ ነበር፤ እጅግ ብዙ ሰው የጄንጊስ ካንን ነገድ «ቦርጂጊን»ን መረጠ። በ1981 ወደ ጠፈር የሄደው ጉራግቻ ደግሞ «ሳንሳር» አለ፣ ጠፈር ማለት ነው። መርሳት እንዲህ ያደርጋል።

የነቀምቴ ልጅ፦
የሞንጎሊያን ያስረሳው እገዳው ነው። በእኛ ቤት ግን ቆጠራ አለ። አባቴ እስከ ዘጠነኛ አባት ድረስ ስቆጥር ካልተሳሳትኩ ነበር እራት የሚያቀርብልኝ። የቤት ስሙንም የመዝገብ ስሙንም አያቴን እቆጥረዋለሁ። እናንተም ለጋብቻ ሰባት ቤት ትቆጥራላችሁ። ስሙ በየትውልዱ ስለሚለወጥ ነው ለመቁጠር የምንገደደው።

እናት ከነታንያ፦
በእስራኤል ይህ ጉዳይ ተፈጽሞ ያለቀ ነውና የእኛንም ስሙ። እኔ የመጣሁት ግንቦት 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን ነው፣ የ11 ዓመት ልጅ ሆኜ። በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ነበር የተጓጓዘው። እንደደረስን አባቴን ማን እንደሚባል ጠየቁት። «የቤተሰብ ስም» ሲሉት ትርጉሙ አልገባውም፤ የአባቱን ስም ነገራቸው፣ እሱ የሁላችን ስም ሆነ። አጎቴ በሌላ ጠረጴዛ ነበር የተመዘገበው፣ እሱ ደግሞ የራሱን ስም ሰጣቸው። ስለዚህ የአንድ እናትና አባት ልጆች የሆኑት አባቴና አጎቴ በሁለት የቤተሰብ ስም ቀሩ። የእኔንም የራሴን ስም አንዲት አስተማሪ ወደ ዕብራይስጥ ቀየረችው። ለዓመታት ተናድጄበታለሁ፤ በ30 ዓመቴ መለስኩት።

ነገር ግን እውነቱን መደበቅ አልፈልግም። ልጆቼ የጎንደርን መንደር አላዩም፣ ሰባት ቤት የሚቆጥርላቸውም የለም፤ አባቴ ሞቷል። ትልቁ ልጄ ወታደር ሲሆን በአንገቱ መለያ ላይ የተጻፈው የአባቴ አባት ስም ነበር። በዕብራይስጥ ፊደል፣ የጎንደር ገበሬ ስም። ሳየው አለቀስኩ። አገር ቤት ብንሆን ያ ስም ከወረቀት ወርዶ ነበር። ቆጣሪ ያለበት ቤት ሰንሰለቱን ይዞ ይቀጥል፤ ቆጣሪ የሌለበት ቤት ግን አንድ ስም ቢያስቀር አትፍረዱበት።

የኩነት ምዝገባ ሠራተኛ፦
እኔ በየቀኑ የልደት ምስክር ወረቀት የምሞላ ሰው ነኝ። ተከራካሪዎች ሁሉ የዘለሉትን ልናገር። ሰውን የሚያንከራትተው የቤተሰብ ስም ማጣቱ አይደለም፣ የፊደሉ ነገር ነው።

«ፀሐይ» የሚለውን ስም በላቲን አንዱ በቲ ይጀምረዋል፣ ሌላው በኤስ፤ ሦስተኛው መጨረሻውን በአይ፣ አራተኛው በዋይ ይጽፈዋል። አንድ ሰው በትምህርት ማስረጃው፣ በባንክ ደብተሩ፣ በፓስፖርቱና በመታወቂያው አራት ዓይነት ሆኖ ሲመጣ አይቻለሁ። «ገብረ ሥላሴ»፣ «ወልደ ማርያም»፣ «ኃይለ ሚካኤል» ደግሞ የባሱ ናቸው። ተነጣጥለው ከተጻፉ የውጭ ሰው መጨረሻውን ቆርጦ ይወስዳል። ንጉሠ ነገሥቱ እንኳ አልቀረላቸውም፤ የክርስትና ስማቸው ኃይለ ሥላሴ የሥላሴ ኃይል ማለት ሆኖ ሳለ፣ እስከ ዛሬ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ «ሥላሴ» ብቻ ተብለው የሚጠሩበት አለ፤ ሥላሴ የአባታቸው ስም ይመስል። አበበ ቢቂላም በ1960 (እ.ኤ.አ.) ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ ብዙው ዓለም ያወቀው «ቢቂላ» ብሎ ነው። የሮጠው አበበ ነው፣ ቢቂላ አባቱ ናቸው።

ይህ ግን ይስተካከላል። የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተሩን «ዶክተር ቴድሮስ» ብሎ ነው የሚጠራቸው፤ ጋዜጠኛውም ተከተለ። አይስላንድን እዩ፤ ሕዝቧ ከ400 ሺህ ያነሰ ነው፣ እንደ እኛ በአባት ስም ይጠራሉ፣ በ1925 ሕግ አዲስ የቤተሰብ ስም መያዝ ከልክለዋል። በ1980 ፕሬዚዳንት የሆኑት ቪግዲስ ሙሉ ስማቸው የፊንቦጊ ልጅ ማለት ነው፤ ሰው ሁሉ ግን ቪግዲስ ይላቸዋል። ታይላንዶችም የቤተሰብ ስም ከያዙ ከመቶ ዓመት በኋላ ዛሬም በራሳቸው ስም ነው የሚጠራሩት። እኔ ብጠየቅ አዋጅ የምፈልገው ለአንድ ነገር ነው፤ ከግእዝ ፊደል ወደ ላቲን የሚጻፍበት አንድ የታወቀ ሠንጠረዥ፣ በሁሉም መሥሪያ ቤት ግዴታ የሚሆን። እሱ ቢኖር ከፊቴ የሚቆመው ሰልፍ በግማሽ ይቀንስ ነበር።

ባለትዳር ከአዋሳ፦
ለዚህ ፊርማ ቢሰበሰብ የመጀመሪያዋ ፈራሚ እኔ ነኝ። የእኔ ስም በሦስት ወረቀት ሦስት ዓይነት ነው።

አባት ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ሁላችሁንም ሁለት ጊዜ አነበብኳችሁ። የነቀምቴው ወንድሜ «ከየትኛው ትውልድ ይጀመር» ያለው ጥያቄ በሕግ ይታወጅ ያልኩትን አስተወኝ። አገር ቤት ያለው ይቀጥል፣ አምኛለሁ። የነታንያዋ እህቴ ያለችውን ግን ለራሴ ይዣለሁ፤ እኛ ውጭ ያለነው ቆጣሪ አጥተን ነው የምናድገው።

መምህርት፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። የእኔም ስም ግስ ነው። ልጄን ስሰይማት ከእኔ ስም ጋር ዓረፍተ ነገር እንዲሆን አድርጌ ነበር፤ ለሚስቴ እንኳ ሳልነግራት ሦስት ቀን ይዤው ቆይቼ ነው የነገርኳት። ያን ቀን አየር ማረፊያው ላይ ይህን ረስቼው ነበር። ትናንት ማታ ልጄን አስቀምጬ ስሟን ከስሜ ጋር አንብቤ፣ በእንግሊዝኛ ምን ማለት እንደሆነ አስረዳኋት። «ስለዚህ አንተ የስሜ መጨረሻ ነህ» አለችኝ።

የሚቀጥለው ልጃችን በመጋቢት ይጠበቃል። ሆስፒታሉ የሚሰጠን ቅጽ ላይ የመጨረሻ ስም የሚል ሳጥን አለ። የእኔን እጽፋለሁ፣ መካከለኛ ስም በሚለው የአባቴን። ከእንግዲህ ስንጓዝ የልደት ምስክር ወረቀታቸውን ከፓስፖርቱ ጋር እይዛለሁ። ወንድ ከሆነ ከግሱ በፊት የሚገባ ስም ፈልጉልኝ፤ ግሱ «ደረሰ» ነው።

የአማርኛ መምህርት፦
«ብሥራት» በለው።